7 ሲገባ ይሠራል፣ 38 ሲገባ «ነን» ይለኛል ላልሽው

እህቴ፣ ኮድሽን አየሁት። የቁጥሩን አሃዞች ትደምሪያለሽ፣ ድምሩ አንድ አሃዝ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ፈንክሽኑ (ስም ሰጥተሽ የምትጠሪው የኮድ ክፍል) ራሱን ይጠራል። 7 ስትሰጪው 7 ይላል። 38 ስትሰጪው 2 ማለት ሲገባው «ነን» (None፣ «ምንም የለም» ማለት) ይልሻል። ፓይተንን (የምትጽፊበትን የፕሮግራም ቋንቋ) አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው ያለሽን ሰው አትስሚው፣ ፓይተንሽ ደህና ነው።

1. የመጨረሻውን መስመር እዪው። «አሳንስ(ድምር)» ብለሽ ጠርተሽዋል፣ ከፊቱ ግን ሪተርን (መልሱን ለጠራው የሚያስረክበው ትእዛዝ) የለም። «ሪተርን አሳንስ(ድምር)» በይውና ይለቅሻል። አሃዞቹ በትክክል ተደምረዋል እንበልና (እሱ ላይ ያለውን ስህተት ከታች እመጣበታለሁ)፣ የሆነው እንዲህ ነው። 38 ገባ፣ 3 እና 8 ተደምረው 11 ሆኑ፣ 11ን ይዞ ራሱን ጠራ። 11 ደግሞ 2 ሆነ፣ 2ን ይዞ እንደገና ጠራ። ሦስተኛው ጥሪ 2ን በትክክል መልሷል፣ ግን የመለሰው ለጠራው ለሁለተኛው ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ሁለተኛው፣ መልስ ይዘህ ና ተብሎ እንደተላከና መንገድ ላይ እንደቀረ ልጅ፣ መልሱን ተቀብሎ ዝም አለ። ሪተርን ሳያገኝ ያለቀ ፈንክሽን ሁሉ ፓይተን ዘንድ «ነን» ይመልሳል። 7 የሚሠራልሽ ራሱን መጥራት ስላላስፈለገው ብቻ ነው።

(«አሳንስ» ብለሽ በአማርኛ በመሰየምሽ የሳቁብሽን ደግሞ ተያቸው። ፓይተን 3 የፈንክሽን ስም በፊደላችን ቢጻፍ ምንም አይለውም።)

2. መልሱን ግሎባል (ከፈንክሽኑ ውጭ የሚቀመጥ ተለዋዋጭ) አድርጊው ያሉሽም አሉ። ዛሬ ይሠራልሽ ይሆናል። ነገ ድምር የሚያጠራቅም ፈንክሽን ስትጽፊ ግን ሁለተኛ ጊዜ ስትጠሪው በአሮጌው ላይ ይደምርብሽና ሌሊቱን ስትፈልጊ ታድሪያለሽ።

3. ፕሪንት (ስክሪን ላይ የሚያሳየው ትእዛዝ) ሪተርን አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ያቃጠለኝ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማሰልጠኛ ከፍዬ ተማርኩ። አሰልጣኙ ሪከርሽን (ፈንክሽን ራሱን ሲጠራ ማለት ነው) ሲያስተምር መልሱን በፕሪንት አውጥቶ «ይኸው ሠራ» ብሎ ያልፋል። እኛም እንደሱ ጻፍን። የመጨረሻውን ፈተና የሚያርመው ግን ፕሮግራም ነው፣ የሚያየውም ፈንክሽኑ የመለሰውን ዋጋ እንጂ ስክሪኑን አይደለም። ዜሮ! ላፕቶፔን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሲስተሙ ነው» አለችኝ። ሲስተሙ ምን አደረገ? አሰልጣኙ ተጠርቶ መጣ፣ እሱም «ስክሪን ላይ ወጥቷል አይደል እንዴ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። የራሱን ምሳሌ ከፈትኩና የመለሰውን ተለዋዋጭ ውስጥ አስገብቼ 1 ደመርኩበት። ታይፕ ኢረር! «ነን» ላይ ቁጥር አይደመርማ። ዝም አለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፣ የድጋሚ ፈተናውንም ክፍያ አስከፍለውኛል። አሁን መሥሪያ ቤት ውስጥ ጀማሪዎቹ «ነን» በመጣባቸው ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነው፣ እሱ ይበቃኛል።

እና ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ ፕሪንት ራሱ የሚመልሰው «ነን» ነው። ስለዚህ «ሪተርን ፕሪንት» ብለሽ ሁለቱንም ላስደስት ብትዪም አያዋጣሽም።

ሌላ ያየሁብሽ ነገር አለ፣ አሃዞቹን የሚደምረው ክፍል ላይ ለ10 ስታካፍዪ የተጠቀምሽው አንድ ስላሽ (/) ነው። ሁለት (//) አድርጊው፣ ሙሉውን ቁጥር ብቻ ይሰጥሻል። በአንዱ 38 ሲካፈል 3.8 ይሆናል፣ የአሃዞቹ ድምርም ነጥብ ያለው ቁጥር ይሆናል። እንዲህ ያለ የአሃዝ ድምር የት አለ? አንድ አሃዝ መሆኑን የሚፈትሸውን ኢፍ ደግሞ አትንኪው፣ ልክ ነው። ብትነኪውና ሪከርሽን ኢረር ቢመጣብሽ ፈንክሽኑ መቆሚያ አጥቷል ማለት ነው። ገደቡን ካልቀየርሽው በቀር ፓይተን ጥሪው 1000 አካባቢ ሲደርስ ያቆምሻል፣ ገደቡን ከፍ አድርጊ የሚልሽ ሰው ይኖራል፣ እንዳትሰሚው።

ካስተካከልሽ በኋላ በ7 አትሞክሪው፣ ኮዱ ቢበላሽም 7 ይሠራል። 199 ስጪው። ወደ 19፣ ከዚያ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 1 መውረድ አለበት። 1 ካላለሽ ኮዱን ሙሉውን ጽሑፉን ለጥፊልኝ፣ በስልክ ያነሳሽውን ፎቶ አይደለም። ፎቶው ወደ ጎን ጋድሎ መስመሮቹን ያነበብኩት በግድ ነው።