ዳገት ላይ የሚሞት ፒካፕ፦ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ መልእክትህን ገና ሳልጨርስ ነገሩ ገብቶኛል። የድሮ ሃይሉክስህን የናፍጣ ሞተር አውጥተህ በኤሌክትሪክ ቀይረኸዋል። ካሶኒው ላይ ስምንት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሶላር ጄል ባትሪ (አሲዱ እንደ ጄሊ የረጋ) ደርድረህ 96 ቮልት ሠርተሃል። ጠዋት ሙሉ ያሳያል፣ ሜዳ ላይ ይበራል፣ ፉርሽካ ጭነህ ዳገት ስትጀምር ግን ኮንትሮለሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ይቆርጣል፤ ሩብ ሰዓት ስታሳርፈው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። በፊት 50 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 20 አይሞላም። አንድ ጋራዥ ሁለቱን ባትሪ በሌላ ማርካ ቀይሮልሃል፣ ለውጥ የለም። ጥያቄህ፦ ስምንቱንም በባለ 250 ጄል ልተካ ወይስ ሊቲየም ልግዛ?

ባለ 250 ጄል እንዳትገዛ። በእኔ ግምት ከድሮዎቹ ስድስት አንዱ ሞቷል፣ የቀሩትም ከመጀመሪያው ለዚህ ሥራ የተሠሩ አልነበሩም።

200 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም፣ ግን ላንተ አልተጻፈም። የሶላር ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚለካው በ10 ወይም በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲያልቅ ነው። ማለትም በ20 ወይም በ10 አምፔር። ሌሊት አምፖልና ቴሌቪዥን ለሚያበራ ቤት ይህ በቂ ነው። ያንተ መኪና ከነጭነቱ 2,200 ኪሎ ነው እንበል። በ100 ሜትር 6 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከነብክነቱ 20 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። በ96 ቮልት ሲሰላ ከ200 አምፔር በላይ ነው። ሜዳ ላይ 50 ወይም 60 ይበቃዋል፣ ለዚህ ነው እዚያ የማያስቸግርህ። ዳገት ላይ በዚህ ኃይል ሲጎተት ሳህኖቹን የነካው አሲድ ቶሎ ይዳከማል፤ ጄሉ ውስጥ ራቅ ያለው ደግሞ ፈጥኖ መጥቶ አይተካውም። ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ኮንትሮለሩም ባትሪው አለቀ ብሎ ይዘጋል። ስታሳርፈው አሲዱ እየሰረገ ሳህኑ ጋ ይደርስና ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ሩብ ሰዓት ያልከኝ እሷ ናት። አፉ የጠበበ ጀሪካን በለው። 20 ሊትር ይዟል፣ ግን ባልዲ ባንዴ አይሞላልህም፤ ባለ 25 ብታደርገውም አፉ ያው ነው። በዚህ አጎታተት ከ200ው የምታገኘው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም፣ ያንንም በየቀኑ ጨርሰህ ስትጎትተው ባትሪው ዕድሜው ያጥራል።

ግምቴን ግን በቴስተር አረጋግጥ። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ሌሊቱን አሳድረው፤ እያንዳንዱ ወደ 12.8 ቮልት ማንበብ አለበት። ይህ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ የሞተ ባትሪም ጠዋት ጠዋት ያምርበታል። ቀጭን ሽቦ ከየባትሪው ጫፍ ወደ ጋቢና ሳብ፣ በየጫፉ ባትሪው ጋ 1 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። ሌላ ሰው ይንዳ፣ አንተ ጭነህ ዳገት ላይ አንብብ። ሌሎቹ 11.5 አካባቢ ቆመው አንዱ ከ10.5 በታች ከወረደ እሱ ነው። እነዚያ ሁለቱ አዲሶች ይህን ሊያድኑህ አይችሉም፤ በተከታታይ የታሰረ ባትሪ የሚሄደው በደካማው ልክ ነው። አዲስና አሮጌ ቀላቅሎ ገንዘብ የሚቀበል ጋራዥ እኔ አልወድም።

ፎቶውንም አይቻለሁ። ከባትሪው ምሰሶና ከኬብሉ ጫፍ መሃል የብረት ሮንዴላ አስገብተዋል! ሮንዴላ ከላይ ነው የሚሆነው፣ ከቡሎኑ ሥር። መዳቡ ምሰሶውን ራሱን መንካት አለበት። እዚያ መሃል አንድ ሚሊ ኦም ብቻ ቢኖር በ220 አምፔር 48 ዋት ሙቀት ይሆናል፣ ፕላስቲኩ የጠቆረውም ለዚህ ነው።

ይህን ከመንካትህ በፊት ስማኝ። ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ። መፍቻህን ከአፉ በቀር በናስትሮ ጠቅልለው። ዋናውን ካጠፋህ በኋላ መጀመሪያ የምትፈታው አራተኛውንና አምስተኛውን የሚያገናኘውን ኬብል ነው፤ ያኔ 96ቱ ለሁለት 48 ይከፈላል። ዋና ማጥፊያ ብለው የገጠሙልህ ብሬከር ደግሞ የፋብሪካ ነው፣ 380 ቮልት ኤሲ ይላል። የመብራታችን ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ አርኩ (ሲቋረጥ የሚዘለው የእሳት ብልጭታ) ለመጥፋት ዕድል ያገኛል። የባትሪው ዲሲ ግን ዜሮ አይነካም፣ ብሬከሩ ተከፍቶም ሊነድ ይችላል። ለዲሲ የተሠራ፣ ከ125 ቮልት በላይ የሚችል ፊውዝና ማቋረጫ ግዛ። ሌላውን ሁሉ ብታዘገይ ይህን አታዘግይ።

ወደ ግዢው ስንመጣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ውሰድ። ባለ 3.2 ቮልት፣ 280 አምፔር ሰዓት ሴል 30 ስትደረድር 96 ቮልት፣ 26.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱ 5.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ ከ165 ኪሎ አይበልጥም። አሁን የተሸከምከው ጄል ግማሽ ቶን አካባቢ ነው፣ ባሌስትራህ እንዴት እንደተኛ አይቻለሁ። 80 በመቶውን ብቻ ብትጠቀም፣ ከነጭነትህ 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ።

ግን እዚህም አምፔር ሰዓቱን ብቻ አትይ፣ ያለማቋረጥ ስንት አምፔር ይሰጣል ብለህ ጠይቅ። አብዛኛው ባለ 280 ለሶላር የተሠራ ስለሆነ በምቾት የሚሰጠው 140 ነው፣ ጣሪያው 280። ዳገትህን ይችለዋል፣ ስትነሳ ግን እንዳይጎዳ ኮንትሮለሩን 280 ላይ ገድበው። ቢኤምኤሱም (ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪት) ይህን ያህል በእውነት የሚችል ይሁን። በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ባትሪ ሻጭ በዝቷል፤ ላዩ ላይ ያለው ኮድ የተፋቀ፣ ሆዱ ትንሽ ያበጠ ሴል «አንደኛ ደረጃ» እየተባለ ይሸጣል። ኮዱ የተፋቀ አትቀበል፣ በነጻ ቢሰጡህም። ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ አምፔሩ ደስ ይላል፣ ግን ኒኬል ያለበት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሲጎዳ ቶሎ ይነዳል፣ የግጭት ታሪኩን ደግሞ ማንም አይነግርህም።

ያንተ አገር ውርጭ አለ። ይህ ሊቲየም ከዜሮ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ መንዳት ግን ይቻላል። ሳጥኑን በፎም ልበጠው፣ ሲቀዘቅዝ ቻርጅ የሚቆርጥ ቢኤምኤስ ምረጥ፣ ማታ እንደገባህ ገና ሳይቀዘቅዝ ሰካው።

የድሮ ቻርጀርህን ለዚህ እንዳትሰካው። ለስምንት ጄል 115 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ለ30 ሲካፈል በሴል 3.8 ነው፣ የሴሉ ጣሪያ ደግሞ 3.65። 105 ቮልት ላይ የሚቆም የሊቲየም ቻርጀር ይበቃሃል። አሮጌውን ከደህናዎቹ ጄሎች ጋር ለሶላር ሰው ሽጠው፣ እዚያ ገና ይሠራሉ። ሴል ስትቀያይርም መሃሉን መጀመሪያ ፍታ፣ ቀለበትህን አውልቅ።