ከሐዘን በኋላ ደስ ቢለኝ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለቤቴ በመኪና አደጋ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ድሮ ለቅሶ ቤት መሄድ እፈራ ነበር። አሁን ሰው ሞተ ሲባል ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ «ሌላ ሰው ሆነሻል» ይሉኛል፤ ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን በእሱ ሞት የተጠቀምኩ እየመሰለኝ ይጨንቀኛል። ሰውም «ለበጎ ነው» ይለኛል። እውነት ለበጎ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። «ለበጎ ነው» የምትለዋን ቃል ለቅሶ ቤት ባንናገራት ደስ ይለኛል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንድም ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ጌታችንም ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ለአልዓዛር አልቅሷል።

ታዲያ ይህ ደግነትሽ ከየት መጣ? ከአደጋው አይመስለኝም። መርዶሽን በማለዳ ተሰብስበው የነገሩሽ፣ ድንኳን የተከሉልሽ፣ ንፍሮ የቀቀሉልሽ፣ ሠልስቱንም አርባውንም አብረውሽ የዋሉ ሰዎች አሉ። እናቴ ያረፈች ጊዜ አንዲት የእድራችን ሴት ሦስቱን ቀን ጓዳ ውስጥ ሲኒ ስታጥብ ነበር የዋለችው። ያጽናኑኝ ሰዎች ምን እንዳሉኝ ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ መምህር ሆኜም ጥቅሱ ሁሉ ጠፍቶኛል። የሲኒው ድምፅ ግን እስካሁን አለ። ስትወጣ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» አልኳት። አንቺም ያኔ ለስንቱ ብለሽዋል። አሁን ለቅሶ ቤት ቀድመሽ ስትደርሺ ያንን ብድር እየመለስሽ ነው። ይህን ጥቅም አትበይው።

ጊዜ ስታገኚ ዘፍጥረት 41ን አንብቢ። ዮሴፍ ሁለተኛ ልጁን ኤፍሬም ያለው «እግዚአብሔር በመከራዬ አገር አፈራኝ» ብሎ ነው። ማፍራቱን አልካደም። ግብፅን ግን፣ ያን ያህል ተሹሞባትም፣ ያው «የመከራዬ አገር» ነው ያላት። በኋላ ወንድሙን ብንያምን ሲያይ ደግሞ እልፍኝ ገብቶ አልቅሷል። ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ነበሩ።

ስለዚህ ደስ ማለቱን ለንስሐ አባትሽ እንደ ኃጢአት አትናዘዢው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ የመኪና ጥሩምባ ስትሰሚ የሚያርድሽ ከሆነ ግን ይህንን ንገሪያቸው። ሐኪም ዘንድም ሂጂ። ጸበል ብትጠመቂም፣ ሐኪሙ ያዘዘልሽን መድኃኒት አታቋርጪ።