ከመታጠብ ብዛት ለተሰነጣጠቀ እጅ እኔን ያዳነኝ

«አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ነው የምሠራው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስኒና ብርጭቆ ሳጥብ እውላለሁ። እጄ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሎሚና ግሊሰሪን ቀላቅለሽ ተቀቢ ብለውኝ ብቀባ ባሰብኝ። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ስንጥቅ ደግሞ ቀልቶ ይሞቀኛል። ሥራውን ልልቀቅ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ብዬ የራሴን እጅ አየሁት። እኔ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት ምሳ ቤት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ወደ ሁለት ዓመት የሚሆነውን እጄን ከሰው ደብቄ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለዚያ አውራ ጣትሽ። ቀልቶ የሚሞቅ ስንጥቅ ድርቀት ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ጀርም ገብቶበት ይሆናል። መግል ከቋጠረ፣ እብጠቱ ከሰፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ክንድሽ መውጣት ከጀመረ ወይም ካተኮሰሽ ቫዝሊን ቀብተሽ የምትጠብቂው ነገር አይደለም። ነገ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ። ስኳር ካለብሽ፣ ቀይ መስመር ከወጣ ወይም ካተኮሰሽ ግን ዛሬውኑ ሂጂ። እኔ የምነግርሽ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሎሚውን ተዪው። እኔም በጎረቤት ምክር ቀብቼዋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እጄን እያራገብኩ አደርኩ። ሎሚ አሲዱ የበዛ ነው። ለዓሣና ለሰላጣ ነው የሚሆነው፣ ለተከፈተ ቆዳ አይሆንም። ሎሚ ነክቶት ፀሐይ ያገኘው እጅ ደግሞ ሊቃጠልና ጥቁር ምልክት ሊይዝ ይችላል። ምልክቱ ቶሎ አይለቅም።

ግሊሰሪኑ ግን ጥፋት የለበትም፣ አጠቃቀሙን ካወቅሽበት። ሥራው ውሃ መሳብ ነው። እርጥብ እጅ ላይ ስትቀቢው ያንን እርጥበት ይይዝልሻል። ደረቅ እጅ ላይ ንጹሑን ካፈሰስሽው፣ በተለይ አየሩም ደረቅ ሲሆን፣ ከታች ካለው ከራስሽ ቆዳ መሳብ ይጀምራል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ አየሯ ምን ያህል እንደሚደርቅ አንቺም ታውቂዋለሽ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ታክሲ ስንጠብቅ እጃችን አመድ የነካው ነው የሚመስለው።

የእኔ እጅ የተበላሸው በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፣ በሳምንቱ ምሳ ቤታችን በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፣ እኛ ማድ ቤት ያለነው ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ እንድንታጠብ ተባልን። መታጠቡ ተገቢ ነበር፣ አሁንም ነው። ግን በሳሙና ብቻ አልነበረም የምንታጠበው። ጠረጴዛ የሚወለወልበት የበረኪና ውሃ ውስጥ እጃችንን ነክረን እናወጣ ነበር። ማንም አይሆንም አላለንም።

ስንጥቁ ሲጀምር ትልቅ አልነበረም። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ፣ ከጥፍሩ ጎን፣ ፀጉር የምታክል መስመር ናት። ሽንኩርት ስከትፍ ያቺ መስመር ትከፈታለች። ቃሪያ ስሰነጥቅማ አትጠይቂኝ። ምሳ ስበላ ወጡን ስጠቅስ በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ዓይኔ እንባ ያቀራል። በማንኪያ መብላት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የነጠላዬ ክር ጣቴ ላይ እየተያዘ ይመዘዝ ነበር። ስልኬ አሻራዬን አላውቅም አለኝ። ሰው ሰላም ሊለኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ሊጥ እንደነካ ሰው ክንዴን ነበር የምሰጠው።

ከዚያ አንድ ፋርማሲ ገብቼ እጄን አሳየሁ። ትንሽ ቱቦ ሰጡኝ፣ ቀቢው አሉኝ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም። በ4 ቀን ውስጥ እጄ የሕፃን እጅ መሰለ። በደስታ ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ሳቆም ተመለሰብኝ፣ እንደገና ቀባሁ፣ እንዲህ እያልኩ 3 ወር ሄድኩ። መጨረሻ ላይ የእጄ ጀርባ ሳስቶ ደም ሥሩ ከላይ ይታይ ጀመር፣ ትንሽ ሲነካ ይላጥ ነበር። ቱቦው ላይ «ክሎቤታሶል» ይላል። በጣም ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቆጣትና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም። የቆዳ ሐኪም አይቶ ለተወሰነ ቀን ሲያዘው ያድናል። በራስ ፈቃድ ለወራት የሚቀባ ግን አይደለም። «ቤታሜታዞን» የሚባለውም እዚያው ወገን ነው። ሰው ለፊት ማቅያ ሳይቀር ይቀባዋል፣ እባካችሁ ተዉ። እና አንቺም ካፌ ውስጥ የሆነ ሰው «ይቺ ክሬም አንድ ናት» ብሎ ቢሰጥሽ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሳታነቢ እንዳትቀቢ።

በኋላ ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ነገሩን ያስረዳችኝ በጭቃ ቤት ምሳሌ ነው። ቆዳሽ ግድግዳ ነው አለችኝ። እንጨቱ አለ፣ በእንጨቱ መሀል ደግሞ ምርጊቱ አለ። የቆዳ ምርጊት ስብ ነው። ሳሙና ቅባት ሊያስለቅቅ ነው የተሠራው፣ የድስቱን ስብና ያንቺን ስብ አይለይም። ሙቅ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ምርጊቱ በየቀኑ እየታጠበ ሲያልቅ ከውስጥ ያለው ውሃ ይተናል፣ ከውጭ ያለው በርበሬና በረኪና ደግሞ ይገባል። የቆዳ ፒኤች (አሲድነት የሚለካበት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) 5 አካባቢ ነው፣ ተራው ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል፣ በረኪና ከ11 በላይ ነው። ይሄን ስሰማ በዚያ ባልዲ ውስጥ እጄን ስነክር የነበረው ትዝ አለኝና አለቀስኩ።

እና ምን አደረግኩ? ትልቁን ለውጥ ያመጣው የቅባቱ ዓይነት አይደለም፣ የምቀባበት ሰዓት ነው። ድሮ ማታ አንዴ እቀባና ቀኑን ሙሉ 30 ጊዜ እታጠባለሁ። በቃ፣ ማታ የለጠፍኩት ምርጊት ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሆን ያልቃል። አሁን በታጠብኩ ቁጥር እቀባለሁ። ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ። ጣቶቼ መሀል ያለውን ሳሙና በደንብ አስለቅቃለሁ። በጥጥ ፎጣ ሳልፈትግ ጫን ጫን አድርጌ አደርቃለሁ፣ ከዚያ እጄ ገና ትንሽ እርጥበት እያለው፣ 3 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ቅባቱን። እርጥበቱን ከውስጥ ቆለፍሽበት ማለት ነው። በነፋስ ይድረቅ ብለሽ እጅሽን አታራግፊ፣ ውሃው ሲተን ቆዳውን ይዞ ነው የሚያደርቀው።

ቅባቱ ተራው ቫዝሊን ነው። ሽታ የሌለውን ግዢ፣ ሽቶ የተሰነጠቀን ቆዳ ያስቆጣል። ሎሽን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለተሰነጠቀ እጅ አይበረታም፣ ደህና ቆዳን ለመጠበቅ ግን ይሆናል። ትልቁን ዕቃ ገዝቼ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ እየቀነስኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ እይዛለሁ። አለቃችን መጀመሪያ «ብርጭቆ ላይ አሻራ ይቀራል» ብለው ተቆጥተው ነበር፣ እውነትም ይቀራል። መፍትሔው መጠኑና አቀባቡ ነው። የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ አንዱ እጅሽ ጀርባ ላይ አድርጊ፣ በሌላው እጅሽ ጀርባ አሺው፣ ከዚያ በየጣቶችሽ መሀልና ጥፍርሽ ዙሪያ አዳርሺ። መዳፍሽን በወረቀት ጠረግ አድርጊው። ስኒ አያንሸራትትሽም፣ ምግብም አይነካም።

ማታ ደግሞ ጊዜ ስጪው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 5 እስከ 10 ደቂቃ እጅሽን ዘፍዝፊ፣ ሳሙና የለም። አድርቀሽ ቫዝሊኑን ወፈር አድርገሽ ቀቢና የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቂ። አዎ፣ ካልሲ። ነጭ የጥጥ ጓንት ካገኘሽ ይሻላል፣ ካልሲ ግን ሁሉም ቤት አለ። ጥልቅ የሆነውን ስንጥቅ ቫዝሊን ሞልተሽ በፕላስተር ሸፍኚው፣ አፉ ገጥሞ ያድራል። ያ የቀላው ግን ሳይታይ እንዳትሸፍኚው።

ቅቤስ ለምትሉ፦ እናቴ ከሰላሌ ለጋ ቅቤ ልካልኝ ቀብቻለሁ። ያለሰልሳል፣ ስብ ነውና። ነገር ግን ጥሬ ቅቤ በተከፈተ ቁስል ላይ ጀርም ሊያስገባ ይችላል፣ የተነጠረው ደግሞ ቅመም አለበት፣ ያቃጥላል። ለፀጉር ይሁን።

ጓንት ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ላስቲኩን ብቻ አጥልቀሽ አንድ ሰዓት ከቆየሽ እጅሽ በላብ ይዘፈዘፋል፣ ስታወልቂው ቆዳሽ ነጭ ሆኖ ተጨማዶ ታገኚዋለሽ። ከውስጥ ቀጭን የጥጥ ጓንት፣ ከላይ ላስቲክ። በየ20 ደቂቃው አውልቂና እጅሽ ይናፈስ። ውስጡ ከረጠበ ቀይሪው። ውሃ ገብቶበት ዝም ብሎ የሚደረግ ጓንት ባዶ እጅ ከመሆን ይብሳል። ላስቲኩ ራሱ የሚያሳክክሽ ከሆነ ደግሞ ላቴክስ ላይስማማሽ ይችላል፣ ሌላ ዓይነት ሞክሪ።

ቀለበት ካደረግሽ ሥራ ቦታ አውልቂው። ሳሙናው ከሥሩ ገብቶ አይወጣም። የእኔም ከስንጥቁ በፊት ቀለበቴ ሥር ክብ ሆኖ ቀልቶ ነበር፣ ወርቁ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ።

ውሃ በጠፋ ቀን ደግሞ ተጠንቀቂ። እኛ ጋ ውሃ ሲጠፋ ሳፋ ውስጥ አረፋ ሞልተን ያንኑ ውሃ ሁለት ሰዓት እንሠራበት ነበር፣ እጃችን እዚያው ውስጥ ነው። ፈሳሽ ሳሙናውን መቀነስ ይቻላል፣ አረፋ ስለበዛ ስኒ አይጠራም። ዕቃውን መጀመሪያ በስፖንጅ አሽተሽ ከውሃው ውጪ ደርድሪ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ አለቅልቂ። በረኪናን ደግሞ ከሎሚም፣ ከኮምጣጤም፣ ማሽን ከሚጸዳበት አሲድ ካለበት ነገርም ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል።

ሳኒታይዘር እጅሽ ንጹሕ ሆኖ ለጥንቃቄ ብቻ ከሆነ፣ ግሊሰሪን ያለበት ከሳሙና ያነሰ ነው የሚያደርቀው። የተከፈተ ስንጥቅ ላይ ግን ይቆጠቁጣል። ቡና ወይም ወተት ከነካሽ ያው በውሃና በሳሙና ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ አድርገሽ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ካልተሻለሽ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ እጅ ላይ ብቻ ከሆነና ቅርፊት ካለው ፈንገስ ይሆናል። ሌሊት ከጣቶችሽ መሀል የሚያሳክክሽ ከሆነና ቤት ያሉትንም የሚያሳክካቸው ከሆነ እከክ ይሆናል፣ እሱ አብራችሁ ነው የምትታከሙት። ትንንሽ ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣብሽ የማይስማማሽ ነገር ነክተሽ ይሆናል። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ጠይቂ። ሐኪም ስታዪ የምትነኪያቸውን ሳሙናዎች ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ያዢ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ስማቸውን ማስታወስ አቅቶኝ ተመልሻለሁ።

የእኔ ስንጥቅ በ3 ሳምንት ገጠመ። ዳንኩ ብዬ ቫዝሊኑን ተውኩ፣ በ10 ቀን ተመለሰ። ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፣ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠገን ወራት ይፈልጋል ብላኝ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ 4 ወር አትተዪው።

ሥራ ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትልቀቂ። ኑሮው እንዲህ ሆኖ እንዴት ይለቀቃል? መጀመሪያ አለቃሽን አነጋግሪያቸው፣ እጅሽን አሳዪያቸው፣ ሳትሸፋፍኚ። እኔ ስናገር ከአንዷ ልጅ ጋር ተቀያየርን። እሷ ሽንኩርቱንና ዕቃውን ያዘች፣ እኔ እንጀራ ማቅረብና ሒሳብ ያዝኩ፣ ለአንድ ወር። እሷም በተራዋ እጇ ሲብስባት እኔ ተመለስኩ። ካፌ ውስጥ ማሽን ላይ ያለ፣ ትዕዛዝ የሚቀበል፣ ካሸር አለ። አንድ ወር ብቻ ዕቃ ከማጠብ ውጪ አድርጉኝ በያቸው። ምን እንዳሉሽና ጤና ጣቢያ ስለ አውራ ጣትሽ ምን እንደነገሩሽ እዚሁ ጻፊልኝ።