«ሙሉ ሽፋን» ምን ያህል ሙሉ ነው?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቶኝ የመኪናዬ ፓራውልት ተሰበረ። ያለኝ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ያሠራልኛል?

መልስ፦ የእርስዎ አያሠራም፤ የተገባው እርስዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ነው። ጥፋተኛው ሚኒባሱ ከሆነ ግን ለእሱ መድን ድርጅት ሦስተኛው ወገን እርስዎ ነዎት። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይዘው ወደዚያ ይሂዱ። ረዳቱ «እንስማማ» ብሎ የታጠፈ ብር ቢዘረጋልዎ፣ ጋራዥ ሳያስገምቱ አይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቪትዛችንን ካዛንቺስ ላይ ከመብራት ምሰሶ ጋር አጋጨችው። ሙሉ ሽፋን፣ ማለትም የራሳችንን መኪና ጉዳት ጭምር የሚይዝ ኢንሹራንስ፣ አለን። የጋራዡ ሒሳብ 120,000 ብር ሆኖ ሳለ ኢንሹራንሱ ከግማሽ በታች እከፍላለሁ አለ። ተጭበርብረናል?

መልስ፦ አይመስለኝም። ውሉን እንዲያነቡልኝ በስልክ ጠይቄዎት ነበር፤ መኪናው በ900,000 ብር ነው መድን የተገባለት። ዛሬ ግን 1,800,000 ያወጣል ብለውኛል። እንግዲህ መድን የገቡት ለግማሹ ነው፤ ለቀሪው ግማሽ መድን ሰጪው ራስዎ ነዎት ማለት ነው። ስለዚህ ከ120,000 ብር ውስጥ 60,000 ይደርስዎታል፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ከኪስዎ የሚሸፍኑት ኤክሰስ ይቀነሳል። ነገሩ የድርጅቱ ብልጠት አይደለም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግም እንዲሁ ነው የሚለው። ጣጣው የመጣው ከእኛ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪና ዋጋ ሲሰቅል፣ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምንከፍለው ገንዘብ፣ እንዳይከብደን ብለን ውሉን በዚያው በድሮው ቁጥር እናድሳለን። እኔም የራሴን ውል ከመሳቢያ ያወጣሁት ይህን ስጽፍ ነው፤ ቁጥሩን ለመናገር አፍራለሁ።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ቆሞ ስፖኪዮዬ ተነቅሎ ተወሰደ። ሙሉ ሽፋኑ ይከፍላል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። የስርቆት ሽፋን የሚባለው መኪናው ራሱ ሲሰረቅ ነው፤ ለዕቃው ተጨማሪ ሽፋን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴን ለገሃር አካባቢ የገጫት መኪና አምልጧል። ሰሌዳውን ያየ የለም። ማንን እንጠይቅ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለሚያደርሰው የአካል ጉዳትና ሞት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። የፖሊስ ማስረጃውንና የሐኪም ወረቀቱን ይዘው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ከተጋጨሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ለኢንሹራንሴ ገና አልነገርኩም።

መልስ፦ ሕጉ የሚሰጠው አምስት ቀን ነው። ይህን ጋዜጣ አስቀምጠው አሁኑኑ ይሂዱ።