የመኪና ጥያቄዎቻችሁ፦ ለድሮ ላንድክሩዘር ትክክለኛውን የመሪ ሾክ እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ የድሮ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ፣ የስራ መኪና ነው እህልም ሲሚንቶም ይጭናል፣ የሸጠልኝ ሰውዬ የ91 ሞዴል ነው ብሎኛል። ከ60 በላይ ስነዳው ጉድጓድ ቢጤ ከነካሁ መሪው እንዳለ ይርገፈገፋል፣ በጣም ካልቀዘቀዝኩ አይቆምም። መካኒኩ የመሪ ሾክህ አልቋል አለኝ፣ እውነትም ዘይት ተፍቷል። አዲስ አበባ በሚመላለስ ልጅ አንድ አስገዛሁ፣ ግን የሾኩ ቀዳዳ ሰፋ፣ በሮንዴላና በጎማ ቁራጭ አጣበው አሰሩት። አሁን ደግሞ መሪው ወደ ቀኝ እንደድሮው አይዞርም፣ መርገፍገፉም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እህቴ ሻርጃ ናት ልትልክልኝ ትችላለች፣ ግን ሱቅ ገብታ ላንድክሩዘር ስትላቸው የትኛው ላንድክሩዘር አሏት። ምን ብዬ ልንገራት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእህትህን ጉዳይ እደርስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን አሁን የታሰረውን ሾክ ዛሬውኑ አስፈታው። ወደ ቀኝ አይዞርም ያልከው ነገር ነው ያስደነገጠኝ። መሪ እስከ መጨረሻው ሲዞር ማስቆም ያለባት ጎማው ጋ ነክሉ (መሪ ሲዞር ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ብረት) ላይ ያለችው የማቆሚያ ብሎን ናት፣ ሾክ መቼም ማቆሚያ መሆን የለበትም። ያንተ ሾክ ርዝመቱ ስላልገጠመ ወይ ተወጥሮ አልቋል ወይ ተጨፍልቆ አልቋል፣ ከዛ በኋላ መሪውን በገፋህ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው ሾኩ በታሰረበት መያዣ ብረትና በመሪው ዘንግ ላይ ነው፣ ሀይድሮሊክ መሪ ከሆነ ደግሞ ለሹፌሩ ስለማይከብደው ሳያውቀው መያዣውን ይሰነጥቀዋል ወይ ዘንጉን ያጣምመዋል። አንተ ሐረጎን እየወጣህ እየወረድክ የምትሰራ ሰው ነህ፣ እዛ ጠመዝማዛ ላይ መሪ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም። ትክክለኛው እስኪመጣ ያለ ሾክ፣ ያለ ጭነት፣ በቀስታ መንዳት ካልሆነው ሾክ ጋር ከመንዳት ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሾኩ ማለቁ እውነት ነው ግን የመርገፍገፉ ምክንያት እሱ ብቻ አይመስለኝም። የመሪ ሾክ (ስቲሪንግ ዳምፐር) ስራው ከመንገድ የሚመጣውን ምት ዋጥ ማድረግ ነው፣ ሌላው ሁሉ ጥብቅ ከሆነ መኪናው ያለሱም ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፣ መሪው ትንሽ ምት ይበዛበታል እንጂ እንዲህ አይርገፈገፍም። አዲስ ሾክ ያላላ ነገር ላይ ሲታሰር ለጥቂት ወር ይሸፍነዋል፣ ከዛ ሾኩም ያልቃል የላላውም ይብስበታል። ስለዚህ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት እንዲህ አድርግ፦ ሜዳ ቦታ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አድርግ፣ ሞተሩ ይነሳ፣ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይነቅንቅልህ፣ አንተ ከስር ሆነህ እያንዳንዱን የታይሮድ (የመሪውን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ጫፍ በእጅህ ያዝ። አንዱ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ቀጣዩ እኩል መንቀሳቀስ አለበት፣ መጀመሪያ ጫፉ ውስጥ ቁልጭ ካለ በኋላ ዘንጉ ከተከተለ ያ ጫፍ አልቋል። እዛው እንዳለህ የመሪው ቦክስ ሻንሲው ላይ የታሰረበትንም እይ፣ አንዳንዴ ሻንሲው ራሱ ተሰንጥቆ ይገኛል።

ቀጥለህ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከላላ፣ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥልህና እንደገና ነቅንቅ። ፍሬን ተረግጦ መላላቱ ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ፍሬን ተረግጦም ከላላ ነክሉ ውስጥ ያሉት የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው፣ በድሮ ላንድክሩዘር ላይ እንዲህ ያለ መርገፍገፍ ሲመጣ በጣም የምጠረጥረው እነሱን ነው። ፊቱ ባሌስትራ (የተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት) ከሆነ የጎማ ቡሾቹን ማለትም ጎሚኒዎቹንና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ብሎኖች እይ፣ ጭነት ለሚሸከም መኪና ቶሎ ይላላሉ። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ አጥበህ ጎማውን ባላንስ አሰራ፣ ይሄ ቀላል ነገር ነው ግን ክረምት ላይ የስንቱን ሰው ገንዘብ ያስበላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ግዢው። የ91 ሞዴል ያለህ ሰውዬ በኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? ይሄ ጥያቄ ላንተ መኪና ትልቅ ጉዳይ ነው። በፈረንጅ 1991 ከሆነ ፊቱ ባሌስትራ የሆነው ባለ 75 ነው፣ ብዙውን ጊዜ ኤችዜድጄ 75 የሚባለው። በኛ 91 ከሆነ ግን በፈረንጅ ከመስከረም 1998 እስከ መስከረም 1999 ማለት ነው፣ ቶዮታ ደግሞ የ70 ሲሪየሱን (75ም 79ም ያሉበትን ቤተሰብ) ፊት ከባሌስትራ ወደ ሞላ (የተጠቀለለ ስፕሪንግ) የቀየረው በነሐሴ 1999 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ መኪናህ ድንበሩ ላይ ነው ያለው። ከዛ በኋላ የመጡት ፒክአፖች 79 ናቸው፣ የመሪው ዘንግ አቀማመጥና የሾኩ አያያዝ ይለያያል። ያስገዛኸው ሾክ ያልገጠመው በዚህ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ጎንበስ ብለህ ፊቱን እይ፣ ባሌስትራ ነው ሞላ? ከዛ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለችውን ሳህን በጨርቅ ጠርገህ በስልክህ ፎቶ አንሳት። ሞዴል በሚለው ቦታ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው ፊደል ኤል ከሆነች መሪው ግራ ነው፣ አር ከሆነች ቀኝ። የኛ አገር መኪና ግራ መሪ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ግን አብዛኛው የአውስትራሊያ ወይ የኬንያ ነው፣ እነሱ ደግሞ ቀኝ መሪ ናቸው፣ ስለዚህ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ላምጣልህ ቢልህ ይሄን ሳታጣራ እሺ እንዳትል። ሻርጃ ከዚህ አንፃር ይመቻል፣ የኤምሬትስ መኪና እንደኛው ግራ መሪ ነው።

የቶዮታ የዕቃ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 5 የዕቃውን አይነት ይናገራሉ፣ የኋለኞቹ 5 የየትኛው ሞዴል እንደሆነ። የመሪ ሾክ በ45700 ነው የሚጀምረው። ካርቶኑ ላይ በ48511 የሚጀምር ካየህ የፊት ጎማ ሾክ ነው የሸጡልህ፣ መልሰው። የኋለኞቹን 5 አሃዞች ከጓደኛህ መኪና እንዳትገለብጥ፣ እህትህ የሻንሲ ቁጥርህን ለሻጩ ትስጠው፣ በካታሎግ አስገብቶ ያወጣላታል፣ ቁጥሩ በአዲስ ከተተካም እዛው ያሳያታል።

ግን ወንድሜ፣ ከሃያ አመት በላይ የሆነው መኪና ነው፣ ከዚህ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ አታውቅም፣ አንዱ መካኒክ ዘንጉን በሌላ ሞዴል ዘንግ ቀይሮት፣ ሌላው መያዣውን በየዶ አዙሮት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካታሎጉ ያለውን ያንተ መኪና ላይ በሜትሮ አረጋግጥ። ሾኩን ፈትተህ መሪውን ወደ ግራ እስከመጨረሻ አዙር፣ የሾኩ አንዱ ጫፍ ከሚታሰርበት መሀል እስከ ሌላኛው መሀል ለካ። ከዛ ወደ ቀኝ እስከመጨረሻ አዙረህ እንደገና ለካ። ለምሳሌ በአንዱ በኩል 340 ሚሊሜትር በሌላው 560 ከሆነ የምትገዛው ሾክ ተጨፍልቆ ከ340 ማነስ፣ ተስቦ ከ560 መብለጥ አለበት፣ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ቢተርፍ ደስ ይለኛል። እነዚህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፣ ያንተን ራስህ ለካ። ከዛ የጫፎቹ አይነት፣ ቀለበት ነው ወይስ እንደ ታይሮድ ጫፍ ሾጠጥ ያለ ኮን ያለው ነው፣ ቀለበት ከሆነ የብሎኑ ውፍረት በሚሊሜትር ስንት ነው፣ ኮን ከሆነ ደግሞ ሰፊውና ጠባቡ ጫፍ ስንት ስንት ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ በሮንዴላ ማጣበብ እዚህ ቦታ ላይ አይሰራም፣ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።

ለእህትህ እንዲህ ብለህ ላክላት፦ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ግራ መሪ፣ ሻንሲ ቁጥሩ ይሄ ነው የሳህኑ ፎቶም ይኸውልሽ፣ ስቲሪንግ ዳምፐር ነው የምፈልገው የጎማ ሾክ አይደለም፣ በ45700 የሚጀምር፣ ተጨፍልቆና ተስቦ ርዝመቱ ይሄን ያህል፣ ጫፎቹ እንደዚህ ናቸው፣ አዲስ እንጂ ያገለገለ እንዳትገዢ። ያገለገለ የምለው ሻርጃ ላይ የተፈቱ መኪኖች ዕቃ እንደ ጉድ ስላለና ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ለበር ለመብራት ጥሩ ነው፣ ለሾክ ግን አይሆንም፣ ጎማ ማተሚያው በዛ ፀሀይ ደርቆ ነው የሚመጣው።

ኦሪጅናል ከጠፋ ካያባ የጃፓን ነው እሱን እመርጣለሁ፣ ኦልድ ማን ኢሙ የአውስትራሊያው ደግሞ ለ70 ሲሪየስ የሚሆን ይሰራል፣ ውድ ነው ግን ጠጠር መንገድ ይችላል፣ እዚህም ግራ መሪ መሆኑን አጣሩ። ሱቅ ውስጥ እያለች አግድም ይዛ ትግፋው ትሳበው፣ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መክበድ አለበት፣ መሀል ላይ ባዶ የሚሆንበት ቦታ ካለ አትውሰደው። ለቅቃው ዘንጉ በራሱ ወደ ውጪ በጉልበት የሚወጣ ከሆነ ጋዝ የተሞላ ነው፣ እንዲህ አይነቱ መሪውን ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ለስራ መኪና ባይሆን ይሻላል።

ሲታሰር ኮኑም ቀዳዳውም ይጠረግ፣ ግራሶ አይቀባ፣ ኮን ደረቅ ሆኖ ነው የሚይዘው። አሮጌውን ሲያወጡ የብሎኑን ጥርስ በመዶሻ አይምቱት፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ቀለበት ከጎን ነው የሚመታው፣ ወይ በፑለር ይውጣ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ለኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ ለሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳው ካልተገናኘ ትንሽ ይጨመርበት እንጂ እንዳይላላ፣ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። ጋራዡን ሳትለቅ መሪውን ከጫፍ ጫፍ አዙረህ ሁለቱም የማቆሚያ ብሎኖች ከሾኩ ቀድመው መንካታቸውን በአይንህ እይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ደግሞ ሀይሉክስ ነው ኤልኤን 106። የሰፈር መካኒክ የመሪ ሾክ ከምትፈልግ ቁመቱ የሚቀራረብ የጎማ ሾክ አግድም አስርልሃለሁ ሁለቱም ያው ዘይት ነው ይለኛል። እሺ ልበለው? ከሻሸመኔ።

መልስ፦ እንዳትለው። አብዛኛው የጎማ ሾክ ቆሞ እንዲሰራ ነው የተሰራው፣ ውስጡ ከዘይቱ በላይ አየር ወይ ጋዝ አለ፣ ሲተኛ አየሩ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ባዶ ባዶ ይላል። በዛ ላይ የጎማ ሾክ በብዛት ሲሳብ ይከብዳል ሲገፋ ይቀላል፣ መሪ ላይ ሲታሰር ወደ አንድ ጎን ለመዞር እየከበደ ወደ ሌላው እየቀለለ ነው የሚነዳህ። ኤልኤን 106 ፊቱ ሙሉ አክስልና ባሌስትራ ነው፣ ለሱ የሚሆን የመሪ ሾክ አለ፣ ከላይ ለኮምቦልቻው ወንድማችን የነገርኩትን አለካክ ይዘህ ፈልገው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ አሮጌ ጂፕ ቼሮኪ አለኝ የ1998። ሀይዌይ ላይ የድልድይ መጋጠሚያ ስነካ ፊቱ በሙሉ ይናወጣል። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ዳምፐር ጎን ለጎን የሚታሰርበት ኪት አለ እሱን አስገባ ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ ኪቱን ተወውና መጀመሪያ ትራክ ባሩን እይ፣ አክስሉን ከሻንሲው ጋር አግድም የሚይዘው ዘንግ ነው። በቼሮኪ ላይ ሻንሲው በኩል ያለው ጫፍ እንደ ታይሮድ ጫፍ ኳስ ነው፣ አክስሉ በኩል ጎማ ቡሽ ያለው ብሎን ነው፣ ሁለቱም ያልቃሉ፣ የአክስሉ በኩል ያለው ቀዳዳም ይሰፋል። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ መሪውን አስነቅንቀህ ጫፉን ተመልከት፣ አክስሉ ወደ ጎን ትንሽ እንኳ ቢሸራተት ምክንያቱን አገኘኸው። መናወጡ እስኪጠፋ ሀይዌይ አትውጣበት፣ ሲጀምርህ ደግሞ ፍሬን በድንገት አትርገጥ፣ መሪውን አጥብቀህ ይዘህ ነዳጁን ለቅቀህ ቀስ በቀስ አቀዝቅዘው። ትራክ ባሩ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ዳምፐር ለሱ መኪና ይበቃዋል፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ማይል ከነዳህ በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና አጥብቅ።