ቪዲዮዎቼ የት ገቡ? የጀማሪ አቀናባሪዎች ጥያቄና መልስ

ለዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ቪዲዮን፣ ፎቶንና ድምፅን ወደ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ስለማስገባት ናቸው። ብዙዎቹ ጠያቂዎች የሚጠቀሙት ኦፕንሾትን ነው። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፤ ለጀማሪ ጥሩ ምርጫ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሬ ፕሮጀክቱን ሴቭ አደረግሁ። ፕሮጀክቱን በፍላሽ ወስጄ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ስከፍተው ግን ፋይሎቹ የሉም ይለኛል። ሥራዬ ጠፋ ማለት ነው? – ከአዳማ

መልስ፦ አልጠፋም፤ አይደንግጡ። ፕሮጀክት የሚባለው ፋይል ቪዲዮዎቹን በውስጡ አይዝም። የሚይዘው የእያንዳንዱን ቪዲዮ አድራሻ ነው፤ በየትኛው ዲስክና በየትኛው ፎልደር እንዳለ፣ የት ላይ እንደተቆረጠ፣ ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ። የሰዓታት ሠርግ ያለበት ፕሮጀክት መጠኑ እዚህ ግባ የማይባለው ለዚህ ነው። በጓደኛዎ ላፕቶፕ ላይ አድራሻው አለ፣ ነዋሪው ግን የለም። ዋናዎቹን ቪዲዮዎች ጨምረው ይውሰዱ፤ ኦፕንሾት የጎደለውን ፋይል በስሙ ጠርቶ አሁን ያለበትን ፎልደር እንዲያሳዩት ይጠይቅዎታል።

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት ለሥራው አንድ ፎልደር ያዘጋጁ። ቪዲዮውን፣ ፎቶውንና ሙዚቃውን በሙሉ እዚያ ይገልብጡ፤ ፕሮጀክቱንም እዚያው ሴቭ ያድርጉ። ካስገቡ በኋላ የፋይሎቹን ስም አይቀይሩ፣ ቦታቸውንም አያዛውሩ። ሥራው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ፎልደሩ እንዳለ ይሂድ። በተለይ ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ላይ በቀጥታ እየጎተቱ ማስገባትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ካርዱ እስኪነቀል ድረስ ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል፤ ከዚያ ካርዱ ለሌላ ቀረጻ ይጸዳል፣ ዳግም የማይደረግ ሠርግም አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አንድ የምርቃት ፎቶ ሳስገባ ፕሮግራሙ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ ሳላነብ እሺ አልኩ። አሁን ፎቶዎቹ ሁሉ እንደ መብረቅ ብልጭ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ። – ከባሕር ዳር

መልስ፦ ካሜራ ለፎቶዎች ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። ኦፕንሾት ያንን ቁጥር ሲያይ ፎቶዎቹ የአኒሜሽን ክፍሎች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ስለሚጠረጥር፣ ሁሉንም እንደ አንድ ተከታታይ ምስል ላስገባቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካሉት እያንዳንዱ ፎቶ አንድ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮ ከሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ ይሆናል። በሰከንድ 30 ፍሬም በሚሄድ ፕሮጀክት 30 ፎቶ በ1 ሰከንድ አለፈ ማለት ነው። ያስገቡትን ከፕሮጀክቱ ያውጡና እንደገና ሲያስገቡ “ኖ” ይበሉ። ያኔ እያንዳንዱ ፎቶ ለ10 ሰከንድ ይቆያል። ለእኔ ይህ ይረዝማል፤ ለምርቃት ፎቶ 4 ወይም 5 ሰከንድ ይበቃል። ታይምላይኑ ላይ (ፎቶና ቪዲዮ በቅደም ተከተል የሚቀመጥበት መስመር ላይ) ከመደርደርዎ በፊት በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ቁጥሩን ይቀንሱት።

ጥያቄ፦ የማልፈልገውን ክሊፕ ከፕሮጀክቱ ባወጣው ከኮምፒውተሬም ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም። ከዝርዝሩ ብቻ ይወጣል፤ ዋናው ፋይል ባለበት ፎልደር ይቆያል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ በቴሌግራም የላከልኝ የመልካም ምኞት ቪዲዮ ፕሮጀክቱ ውስጥ ሳስገባው ደበዘዘ። ምን ላድርግ? – ከደሴ

መልስ፦ የደበዘዘው እርስዎ ጋ ሳይደርስ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ሲልኩት መጠኑን ለመቀነስ ይጨምቁታል፤ በዚህ መንገድ የጠፋን ጥራት ማቀናበሪያው ሊመልሰው አይችልም። ወንድምዎ ቪዲዮውን ከስልኩ እስካላጠፋው ድረስ በቴሌግራም “ፋይል”፣ በዋትስአፕ ደግሞ “ዶክመንት” የሚለውን መርጦ እንደገና ይላክልዎ። በዚህ መንገድ ምንም ሳይነካ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ በስልክ የቀረጽኩት ቃለ መጠይቅ መጀመሪያው ደህና ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ከንፈርና ድምፅ አይገጥሙም።

መልስ፦ ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚይዙት የፍሬም ብዛት አንድ ወጥ አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ ለምሳሌ ይቀንሳል። ማቀናበሪያው ግን ወጥ ነው ብሎ ሲቆጥር ልዩነቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መፍትሔው ቪዲዮውን ከማስገባት በፊት ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም መለወጥ ነው፤ የፍሬሙን ብዛት 30 ያድርጉና “ኮንስታንት ፍሬምሬት” (ወጥ የፍሬም ብዛት) የሚለውን ይምረጡ። ዋናውን አያጥፉት። ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ከለወጡት መቁረጡን እንደ አዲስ መጀመር ሊኖርብዎት ስለሚችል ይህን መጀመሪያ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ 5 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ 32 ጊጋባይት ባዶ ፍላሽ ላይ አልገለበጥ አለ። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆን? – ከጅማ

መልስ፦ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ ቢኖረውም እንኳ። ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ያድርጉት፤ በዊንዶውስም በማክም ይነበባል። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ባዶ መሆኑን ደግመው ካዩ በኋላ ይሁን።