አረጋውያንን ወንበር ላይ ለምታሠሩ፦ ጥያቄና መልስ

አረጋውያን ተቀምጠው ስለሚሠሩት ስፖርት ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሚያሠሯቸው ሰዎች ናቸው፦ ከመርጃ ማዕከል ሠራተኞች፣ ከእድርና ከሰንበት ትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኞች፣ ከውጭ አገርም። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ፤ የጻፋችሁትን ሁለት ገጽ ወደ አንድ መስመር ያወረድኩባችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ወንበር ይሆናል ወይ?

ካልተሰነጠቀና ጀርባው ከግድግዳ ከተጠጋ ይሆናል። ባለ ጎማ የቢሮ ወንበርና ተጣጣፊ ወንበር ግን በፍጹም። እግራቸው መሬት የማይደርስ ካሉ ከሥሩ የማይንሸራተት ጠንካራ ነገር ይደረግላቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት የማዕከል አስተባባሪ ከአዲስ አበባ፦ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች አሰባስበናል፤ የ2 ቀን ሥልጠና ሰጥተን ሰርተፍኬት እናድላለን፤ የእንቅስቃሴዎቹን ዝርዝር ይላኩልን።

ዝርዝሩ ቀላሉ ነገር ነው። ትከሻ ማዞር፣ ጉልበት በየተራ ማንሳት፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ መመለስ፣ ተረከዝና የእግር ጣት ማንሳት፣ የእጅ ጣቶችን መጨበጥና መዘርጋት፤ ይህን ማንም ወጣት በግማሽ ቀን ይይዘዋል። የሚከብደው ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን እናት ማየት ነው፤ የሥልጠናው ጊዜም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

አረጋውያኖቻችን አመመኝ አይሉም። ትከሻቸው እየተቆረጠመ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ተባረክ» ይላሉ። ልጁ ቅዳሜውን ትቶ ሊያገለግላቸው መጥቷል፤ እንዴት አድርገው ያሳፍሩት? ስለዚህ «አመመዎት እንዴ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ «ኧረ የለም» ነው። «የትኛው ይከብዳል፣ ግራው ወይስ ቀኙ?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። አንዱ መክበዱ የታወቀ ነገር ሲሆን ለመናገር አያፍሩም። ከአፋቸው ይልቅ ደግሞ ሰውነታቸው ይናገራል፦ ትንፋሽ መያዝ፣ ግንባር ላይ ድንገት የሚወጣ ላብ፣ የከንፈር መገርጣት፣ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ ሲያወሩ የቆዩ ሰው ዝም ማለት። አንዱ እጅ ድንገት ከወደቀ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ጮክ ብሎ አብሮ መቁጠርም ይሠልጥኑ። እየቆጠረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም፤ ትንፋሽ ይዞ መታገል ደግሞ የደም ግፊትን ድንገት ሽቅብ ይሰደዋል። መጠኑም በዚሁ ይታወቃል፦ እየሠሩ ማውራት ችለው መዝፈን ካቃታቸው ልኩ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ይረፉ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞቹ ራሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሠሩታል። በሁለተኛው ቀን ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ግራ ጎኑ እንደ ደከመ ሰው ይሆናል፣ ሌላው ያሠራዋል። ሰውዬው ራሱን ቢስት ማን ስልክ እንደሚደውል፣ ማን አጠገባቸው እንደሚቀር፣ ማን ሌሎቹን እንደሚያረጋጋ ይለማመዱታል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እውነተኛው ሥልጠና ናቸው፦ ፊዚዮቴራፒስት ወይም በዚህ ልምድ ያላት ነርስ ባለችበት መጀመሪያ ረዳት ሆኖ ከኋላ መቆም፣ ቀጥሎ ማሟሟቂያውን ብቻ መምራት፣ መጨረሻ ላይ ሙሉውን። ሁልጊዜም ሁለት ሰው ይኑር። የሚመራው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሥራ፤ ቆሞ ካሳያቸው ሊከተሉት ሲሉ ይነሣሉ። ሁለተኛው ከኋላ እየዞረ ያያል። ለጀማሪ መሪ ከ10 ሰው በላይ አልሰጥም።

ሰርተፍኬቱ በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ይሰጥ። በሁለተኛው ቀን ማደሉን አልስማማበትም፤ ወረቀቱን የያዘ ልጅ ነገ ብቻውን 30 አረጋውያን ፊት ይቆማል።

ጥያቄ፦ ክብደት ከየት እናምጣ?

ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ስጧቸው፤ ግማሽ ኪሎ ነው። የእጅ አንጓቸው ለሚያማቸው ባዶ እጅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፦ ፕሮግራማችን ጠዋት 4 ሰዓት ነው። በሁዳዴ ግን እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ አንዷ አዞራቸው። ጾሙን እንዲያቀልሉ እንምከራቸው?

ጾሙ የእሳቸውና የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው። የእናንተ ጉዳይ ሰዓቱ ነው፤ እሱን ቀይሩት። ቀምሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካረፉ በኋላ፣ ወደ 11 ሰዓት አካባቢ ይሁን፤ ያ ካልተመቸ በእነዚያ 55 ቀናት ትንፋሽና ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ አሠሯቸው። በረመዳን ለሚጾሙ አባቶችና እናቶችም ይኸው ነው፤ ሰዓቱ ግን ካፈጠሩ በኋላ ይቆጠር።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ግን ሌላ ነገር ናቸው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ሰው በባዶ ሆዳቸው አይሥሩ። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ አቁሙ። የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌላችሁ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። መዋጥ ካልቻሉ አፋቸው ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ጾሙ ሳይገባ እያንዳንዳቸው ሐኪማቸውን አግኝተው የመድኃኒታቸው መጠንና ሰዓት መታየት አለበት። «ዘንድሮም እንደ አምናው እንጾማለን» ቢሏችሁም እናንተ ራሳችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ጥያቄ፦ አባቴ 86 ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ይገነባል? ከባሕር ዳር የጻፈች ነርስ ደግሞ፦ ወንበር ላይ ብቻ ብናሠራቸው መውደቁ ይቀንሳል?

ይገነባል። በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የነበሩ 10 ሰዎች፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90፣ ለ8 ሳምንት የጭናቸውን ጡንቻ በክብደት አሠሩ። እስከ መጨረሻ የዘለቁት 9ኙ ጥንካሬያቸው በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ካቆሙ በኋላ ግን በ4 ሳምንት ውስጥ 32 በመቶውን አጡት። ያ በባለሙያ ክትትል በከባድ ክብደት የተሠራ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ አይሞክረው። ለአባትዎ ግን መልሱ ግልጽ ነው፦ አልመሸም፣ ማቋረጥ ግን አይገባም።

ለነርሷ፦ ተቀምጦ መሥራት ብቻውን አይበቃም። በ2019 እ.ኤ.አ. 108 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንቅስቃሴ የመውደቅን መጠን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ዋናው ውጤት የመጣው ግን ቆመው ሚዛናቸውን ከተለማመዱት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሚዛንና ጥንካሬን የሚያካትት እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ይመክራል። ስለዚህ መቆም የሚችሉትን ዘላለም አታስቀምጧቸው። ከወንበሩ ተነሥቶ መቀመጥን በየቀኑ አሠሯቸው፤ መጀመሪያ በእጅ ተደግፈው፣ ኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው። በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደተነሡ ቁጠሩ። በአሜሪካ በሚሠራበት መለኪያ ከ75 እስከ 79 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ ወንድ ከ11 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ። ሲነሡ የሚያዞራቸው ካሉ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ጥቂት ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሡ፤ ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም ይለካ።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ሲሠሩ ደረታቸውን ጭምቅ ያደርጋቸዋል፤ ሲያርፉ ይተዋቸዋል። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይኖራል?

የለም። ሲሠሩ የሚመጣና ሲያርፉ የሚሄድ የደረት ጭምቅታ የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሐኪሙ ፈቅጃለሁ ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ እንጂ አይሥሩ። እረፍት አድርገውም ካልተዋቸው አምቡላንስ ጥሩ። «እሳቸው ምንም አይደለም ብለዋል» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ይህን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ፦ የምሠራበት የቀን መዋያ ስፖርቱን በእንግሊዝኛ ያሠራል፤ እናቶቻችን ተከትለው አይደርሱም። ኃላፊዋ አንቺ አግዢ አለችኝ፤ ባለሙያ አይደለሁም።

አግዢ እህቴ! ባለሙያው ሥራውን ይምራ፣ አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ በአማርኛ ቁጠሪላቸው። ማስተርጎም ብቻ ግን አይደለም፤ የታዘብሽውን ለባለሙያው ንገሪው፣ ሥልጠናም እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ለማሟሟቂያ እስክስታ ይሁንላቸው፤ ትከሻቸውን ለማያማቸው ከዚህ የተሻለ የለም፣ አንገት ብቻ በኃይል አይመታ። በጾም ወራት ዘፈን የማይፈልጉ አሉ፤ መዝሙር አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ ጉልበታቸው ሲታጠፍ ይንቋቋል።

ካላመመና ካላበጠ ይሥሩ። ካበጠ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ነጠላ ጫማና ጋቢስ?

ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ተረከዝን የሚይዝ ጫማ ይልበሱ። በካልሲ ብቻም አይሠራም። ጋቢውና ነጠላው መሬት የሚጎተት ከሆነ ሲነሡ ይረግጡታልና ከመጀመራችሁ በፊት ጫፉን ሰብስቡላቸው።